ሦስት ሳምንት ያሉኝ ሦስት ዓመት ነበር

ልጄ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአባቷ ጋር ወጥታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ስትመለስ ፀጉሯ አልነበረም።

በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ፤ በአንድ እጄ ማማሰያ ይዣለሁ። ጠዋት ስትወጣ በገዛ እጄ የሠራሁላት ሹሩባ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ነበር። አሁን ጭንቅላቷ እንደ ወንድ ልጅ ተከርክሞ ጆሮዎቿ ብቻቸውን ቆመዋል። በእኛ አገር ሴት ልጅ እንዲህ የምትሆነው ሰው ሲሞትባት ነው። ሳላስበው ከአፌ የወጣው ቃል "ማን ሞተ?" ነበር።

"ማንም አልሞተም፣ ማም" አለችኝ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። "እዚያ ይሞቃል አለኝ ዳድ። ደግሞ ይበቅላል።" አፏ ይህን ይበል እንጂ እጇ ማጅራቷን ይዳስስ ነበር፤ የሌላ ሰው አንገት የነካች ይመስል።

ባሌ ከኋላዋ ገብቶ የመኪናውን ቁልፍ ሰቀለ። "አላማረባትም?" አለኝ። ሲናገር ግን የሚያየው ቁልፉን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ዓይኔን ሳያይ የሚያወራኝ ሲዋሽ ብቻ ነው። የሚደብቀው ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም፤ ልጄን የሚመለከት መሆኑን ግን በዚያች ደቂቃ አውቄዋለሁ።

ባሌ የጋና ሰው ነው፤ አሻንቲ ከሚባለው ክልል፣ ከኩማሲ። የተገናኘነው እዚሁ ሚኒሶታ፣ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ እኔ ክንፍ ስቆርጥ እሱ ካርቶን ሲጭን። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሱ የተማረ፣ የእኔ የለቃቀምኩት። እዚህ ሁሉንም ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። አሁን እሱ ሕመምተኞችን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ እኔ ክሪስታል በምትባል ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ላውንደሪ ውስጥ እሠራለሁ። አንድ ልጅ አለችን፤ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳለች። በሚመጣው ሐሙስ ከአባቷና ከአባቷ እህት ጋር ወደ ኩማሲ ልትሄድ ነው። አያቷን ለመጠየቅ፣ ሦስት ሳምንት። የተነገረኝ ይኼ ነው።

ለፓስፖርቷ ፈርሜያለሁ። በፀደይ ወራት ባሌ ወረቀት አምጥቶ "የአባትም የእናትም ፊርማ ያስፈልጋል፤ አንብቢና እዚህ ጋ ፈርሚ" አለኝ። እኔ ደግሞ አንብቢ ስባል ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አንሸራሽሬ፣ መሃል ላይ ትንሽ ቆም ብዬ፣ ራሴን ነቅንቄ ነው የምፈርም። ያነበብኩ እንዲመስል። ይህን ዘዴ የሚያውቁ ብዙ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ከዚያ ወረቀት ጋር ሁለተኛ ወረቀት እንደነበረም ትዝ ይለኛል። እሱንም ፈርሜያለሁ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አንሶላ ስናጥፍ ሁለት ሆነን ነው፤ አንዷ በአንድ ጫፍ፣ አንዷ በሌላው። አብራኝ የምታጥፈው ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፣ ባሌ በተወለደበት ክልል ያደገች። ሁላችንም አንቲ ነው የምንላት። የልጄን ፀጉር ነገር አጫወትኳት። ስለ ሙቀቱ ስነግራት አንሶላውን እንደዘረጋች ቆመች።

"ማነው ለሙቀት ፀጉር የሚቆረጠው?" አለችኝ። "የእኛ አገር ሴት ፀጉሯን ከምትቆረጥ ጣቷን ትቆረጣለች። ስንት ዓመቷ ነው?"

"በመስከረም አሥራ አምስት።"

"ሳጥን አይተሻል?"

"ሻንጣዋን ገና አላዘጋጀንም።"

"ሻንጣ አላልኩም። ሳጥን ነው ያልኩሽ። የብረት፣ ስም የተጻፈበት።"

አላየሁም አልኳት። አንሶላውን አጥፋ ጨርሳ ወደ እኔ መጣች፤ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። በአገራቸው ሴት ልጅ ፀጉሯ እንዲህ የሚከረከመው ሲኒየር ሃይ ስኩል ስትገባ ነው አለችኝ። አዳሪ ትምህርት ቤት። እሷንም ጊዜዋ ሲደርስ ከርክመዋታል። ጎህ ሳይቀድ ደወል ይደወላል፣ ግቢ ይጠረጋል፣ ሣር ይታጨዳል፣ ከዚያ ጥናት።

"ስንት ጊዜ?" አልኳት።

"ሦስት ዓመት።"

የመድረቂያ ማሽኑ ይሽከረከራል። "ትምህርት ቤቱ መጥፎ ነው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"መጥፎ?" ብላ ሳቀችብኝ። "አንቺ ሴት፣ የክልላችን ምርጦቹ እኮ የመንግሥት ናቸው! ልጅ ሲፈተን ቤተሰቡ ይጾማል። ሚኒስትር ልጁን የሚያስገባው እዚያ ነው፣ ካካዎ ለቃሚም ልጁ ካለፈለት እዚያው ነው። በውጤትሽ ኮምፒዩተር ይመድብሻል።"

"የእኔ ልጅ እዚያ ተፈትና አታውቅም።"

አንቲ ሌላ አንሶላ ከጋሪው አነሳች። "እንግዲህ ሰው ይኖራቸዋል" አለች፤ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም።

ቤት እንደገባሁ ጋራዡን ከፈትኩ። ከበረዶ ጎማዎቹ በስተኋላ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ተቀምጧል። የባሌ እህት በልጅነቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ይዛው የገባችው አሮጌ የብረት ሳጥን። የእሷ ስም ተፍቆ የልጄ ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ ቀለሙ አዲስ ነው። ውስጡ ነጭ አንሶላዎች፣ ቡናማ ጫማ፣ ባልዲ፣ የወለል መፈግፈጊያ ብሩሽ፣ በጣሳ የታሸገ ወተት። ከላይ ሁለት ወረቀት። አንደኛው በቁጥር የተደረደሩ የትምህርት ቤት ስሞች፤ አራቱ በእስክሪብቶ ተከበዋል። ቁጥርና የዕቃ ስም ማንበብ አያቅተኝም። ሁለተኛው ላይ ዓመት አንድ፣ ዓመት ሁለት፣ ዓመት ሦስት ይላል። ጣቴን እያስኬድኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ይህን ያህል ለምን እንደፈራሁ መናገር አለብኝ። ዘጠኝ ዓመቴ እያለ የአባቴ ዘመድ ከአዲስ አበባ መጥታ እናቴን "ስጪኝ፣ ላስተምራት" አለቻት። እናቴ መረቀችኝና ሰጠችኝ። ያች ሴት መጥፎ ሴት አልነበረችም፤ ልጆቿን አስተምራለች። እኔ የልጆቿን ደብተር ተሸክሜ እስከ ትምህርት ቤቱ በር እሸኛቸዋለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ልብስ አጥባለሁ። ማታ ትምህርት ገብቼ አራተኛ ክፍል ደረስኩ፤ አምስተኛን ሳልጀምር ልጅ ተወለደና የምትይዘው አንቺ ነሽ ተባልኩ። እናቴን ድጋሚ ያየኋት ጎልማሳ ሆኜ ነው። እና እኔ ዘንድ "ለትምህርቷ ነው" የሚለው ቃል ሲመጣ እንደ ሌላው ሰው አይሰማኝም። ልጅን ከእናት ላይ ሲወስዱ የሚባል ቃል ነው።

ማክሰኞ የባሌ እህት ከሰዓት በኋላ መጣች። ብሩክሊን ፓርክ ነው የምትኖረው፤ ነርስ ናት፤ ስትገባ ቤቱ ጠባብ ይሆናል። እኔን "የእኛ ሚስት" ነው የምትለኝ፤ በእነሱ ባህል የወንድም ሚስት የቤተሰቡ ሁሉ ሚስት ናት። እስክትቀመጥ ጠብቄ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ባሌ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እህቱን።

"ጥሩ" አለች እሷ፣ ምንም ሳትደነግጥ። "ከተገኘ ተገኘ። ቁጭ በይ የእኛ ሚስት።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

ባሌ ጀመረ። ልጅቷ ስልኳ ላይ ተደፍታ ትውላለች። ሲጠሯት በአንድ ቃል ትመልሳለች። ባለፈው የበረዶ ወራት ትምህርት ቤቷ በር ላይ ልጆች ሲደባደቡ ፖሊስ መጥቷል። "እኔን ሰው ያደረገኝ ያ ግቢ ነው" አለኝ። "አባቴ ሲሞት እንኳን ያልፈረስኩት እዚያ ስለነበርኩ ነው። ለእሷ ያለኝ ምርጥ ነገር ይኼ ነው፤ ሌላ የለኝም።" ይህን ሲል ዓይኔን አይቶኛል። አልዋሸም። ለዚያ ነው ነገሩ ይበልጥ ያስፈራኝ፤ በፍቅር የሚወስድ ሰው ሊመልስ አያስብም።

"እና የመጀመሪያው ምርጫ ለምን አራተኛ ላይ ያለው የአንቺ ትምህርት ቤት ሆነ?" አለ ደግሞ ወደ እህቱ ዞሮ፣ ድንገት ነገሩ ትዝ እንዳለው። "የእኔ ትምህርት ቤት አንደኛ ላይ ነው።"

"የአንተማ የወንዶች ነው! ልጅቷን ጢም ልታበቅልላት ነው?"

"ደረጃውን ነው የምልሽ።"

"ደረጃ! እኛ ሐኪም ስናወጣ እናንተ ምን አወጣችሁ? ጯሂ ፖለቲከኛ።"

"ሐኪሞቻችሁን ማን አገባቸው? የእኛ ልጆች!"

ሁለቱም ሳቁ። ምላሴ ላይ መራራ ነገር ሲመጣ ተሰማኝ። የልጄን ሦስት ዓመት መሃላቸው አስቀምጠው የልጅነታቸውን ጨዋታ ይጫወታሉ።

"ልጄ የትም አትሄድም" አልኩ።

የባሌ እህት ሳቋን ሰበሰበች። "ከአራተኛ ክፍል ያላለፈች ሴት ስለ ትምህርት ቤት ልታስተምረን ነው?"

ባሌ ጠረጴዛውን አየ። እንዲናገርልኝ ትንሽ ጠበቅሁት።

"አዎ፣ ላስተምርሽ" አልኳት። "ስሚኝ። አንቺ ትምህርት ቤትን ከውስጥ ነው የምታውቂው። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነው ያወቅሁት። እዚያ ፈተና ያልፋሉ አላችሁ። የእኔ ልጅ አልተፈተነችም። ቦታው በምን ተገኘ?"

"ርእሰ መምህሯ አዳሪ ቤት አብራኝ ነው የኖረችው፤ አንድ ተደራራቢ አልጋ ነበረን፣ እኔ ላይ እሷ ታች። አንድ ስልክ ነው የፈጀብኝ።"

"እንግዲያው ያ ቦታ የሌላ ሰው ልጅ ነው። አንዲት ልጅ ተፈትና፣ ቤተሰቧ ጾሞላት ያገኘችው። እሷ በር ላይ ቆማ ትቀራለች፣ የእኔ ልጅ ተሰርቃ ትገባበታለች። ሁለት ልጅ በአንድ ስልክ። ይሄን አራተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ይቆጥረዋል።"

ያኔ ደረጃው ላይ የልጄን እግር አየሁ። እዚያ ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጠች አላውቅም።

"ሦስት ዓመት?" አለች አባቷን። "ግራንድማን ልንጠይቅ ነው አላልከኝም?"

"ስሚኝ፣ ልዕልት..."

"ፀጉሬን ለዚህ ነው የቆረጥከው?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ? ፈርመሻል?"

ከዚህ ሁሉ ነገር የከበደኝ ያ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን የሆነ ነገር ብዬ አልፈው ነበር። "ፈርሜያለሁ" አልኳት። "ሳላነብ። እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማልችልና ስላፈርኩ።"

ፎቅ ወጥታ የመኝታ ቤቷን በር ዘጋች። አላለቀስኩም። መኝታ ቤት ገባሁና ባሌ የመኪና ወረቀት የሚያስቀምጥበትን መሳቢያ ከፍቼ ፓስፖርቷን አወጣሁ፤ ደረቴ ውስጥም ከተትኩት።

ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። "ስጪኝ" አለ።

"ና አውጣው።"

ባሌ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አላነሳም። ይህን ስለ እሱ እጽፋለሁ፣ ይገባዋል። እህቱ ግን ከሳሎን "ተዋት፣ እስከ ነገ ይበርድላታል" ስትል ሰማኋት። እኔን ቤቱ ውስጥ ሊያስተኛኝ የማይችል ቃል ያ ነው። እስኪበርድልኝ ይጠብቃሉ፤ እንቅልፍም ይወስደኛል፤ ደረቴም ልብስ ነው እንጂ ካዝና አይደለም።

የልጄን በር አንኳኳሁ። "ልብስሽን ያዢ" አልኳት። "ልትቀየሚኝ ትችያለሽ፤ አውቶቡስ ላይ ትቀየሚኛለሽ።" ወጣች። እሷ ቦርሳዋን፣ እኔ የሥራ ልብሴን ይዘን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በአውቶቡስ አንቲ የምትኖርበት ክሪስታል ገባን። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ታይ ነበር። እኔ አንድ መኪና ከኋላችን በቆየ ቁጥር የባሌ ቫን ይመስለኝ ነበር።

አንቲ በሯን ስትከፍት ደነገጥኩ። የለበሰችው የትምህርት ቤቷን ጨርቅ ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎች ለክብረ በዓል የሚያሠሩት፣ ዓርማው ከላይ እስከ ታች የታተመበት። ጠላት ቤት መጣሁ ብዬ አሰብኩ። ዓይኔ የት እንዳረፈ አየች።

"ግቢ" አለችኝ። "ትምህርት ቤቴን እወዳለሁ። ሌባ ግን አይደለሁም።" ከዚያ የልጄን ጭንቅላት በእጇ ይዛ አገላብጣ አየችው። "ማነው የቆረጠሽ? እንኳን ልጅ በግ እንዲህ አይሸለትም።" ልጄ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ባሌ ደወለ። አንቲ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በራሳቸው ቋንቋ ብዙ አወራችው፤ መሃል መሃል እንግሊዝኛ ትጨምርበታለች፣ እኛ እንድንሰማው መሰለኝ። "እና አንተ የአንደኛው ትምህርት ቤት ልጅ ነህ? አያስታውቅም! እኛ ጋ ውሸታምን ሣር ያሳጭዱት ነበር።" ስልኩን ስትመልስልኝ "አይመጣም" አለችኝ። "ግን እህቱን አላምናትም። ነገ የፍርድ ቤት ወረቀት አውጪ።"

ረቡዕ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ በነፃ የሚረዱ ጠበቆች ቢሮ ሄድን። አንዲት ወጣት ጠበቃ ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ በኮምፒዩተሯ ጻፈች ጻፈችና አምስት ገጽ አትማ ፊቴ አስቀመጠች። ነገ ዳኛ ፊት ይቀርባል አለች፤ ልጅቷ ያለ ሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ከአገር እንዳትወጣ። በረራው ሐሙስ ማታ ስለሆነ መፍጠን አለብን። "አንብቢውና መጨረሻው ላይ ፈርሚ።"

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ዓይኔ ከላይ ወደ ታች መንሸራሸር ጀመረ። ልጄ ከጎኔ እያየችኝ ነው።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

"ይነበብልኝ" አልኩ። "እስኪገባኝ አልፈርምም።"

ጠበቃዋ ሰዓቷን አየች። ልጄ ግን ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች፤ በእንግሊዝኛ ታነበዋለች፣ ከዚያ ያላትን አማርኛ እየፈለገች ትነግረኛለች። አማርኛዋ እንደ እኔ እንግሊዝኛ ነው፣ የተለቃቀመ። ያልገባኝን እንደገና አስነበብኳት። ሦስተኛው ገጽ ላይ እናቲቱ የፓስፖርቱንም ሁለተኛውንም ወረቀት የፈረመችው ሳታነብ ነው የሚል አለ። እዚያ ስትደርስ ቆመችና "ይውጣ?" አለችኝ በቀስታ።

"እውነት ነው፤ ይቅር" አልኳት።

ረጅም ጊዜ ወሰደ። ውጭ ባቡሩ ብዙ ጊዜ አለፈ። መጨረሻው ላይ ስሜን ጻፍኩ፤ ምን እንደፈረምኩ እያወቅሁ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ስሜን ስጽፍ በሕይወቴ ያ የመጀመሪያው ነው። ፓስፖርቱን ከደረቴ አውጥቼ ለጠበቃዋ ሰጠኋት። ሞቆ ነበር። እሷም ፋይሉ ውስጥ አስገባችው።

ሐሙስ ከቀትር በፊት የዳኛው ወረቀት ወጣ። ያም ሆኖ እስኪመሽ አላመንኩም። አንቲ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስታችን ተቀምጠን፣ አውሮፕላኑ የሚነሳበት ሰዓት ግድግዳው ላይ ሲደርስና ሲያልፍ አየነው። ልጄ ባሌ የላከላትን መልእክት አነበበችልኝ። እህቱ ብቻዋን ሄዳለች፤ ሳጥኑን ይዛ። እሱ አልሄደም። ኤርፖርት አድርሷት ተመልሶ ባዶ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ቅዳሜ ባሌ አንቲ በር ላይ መጣ። እኔን ሳይሆን ልጁን ነው የጠየቃት። "መሄድ ትፈልጊ ነበር?"

"አሁን ነው የምትጠይቀኝ?" አለችው። "አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ጠይቀኝ። ምናልባት ራሴ እሄዳለሁ። በፀጉሬ።"

አንቲ ከወጥ ቤት "ተፈትነሽ!" ብላ ጮኸችባት።

ባሌ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወደ ቤታችን ተመልሰናል፤ ከእሱ ጋር ያለውን ነገር ግን ገና እየተነጋገርንበት ነው፤ ቀላል አይደለም፤ ይቅር እንዳልኩትም እንዳላልኩትም አልጽፍም። ፀጉሯ አሁን ጆሮዋን ሸፍኗል፤ በሁለት ጣት ይያዛል፣ ገና አይሠራም። ወደ ቤታችን የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይነበባል፤ የመብራት ቢልም ቢሆን፣ እያንዳንዱ መስመር። ይሰለቻታል። ይሰልቻት።

ልጄ እዚሁ ናት። አሁን ፎቅ ላይ ስትራመድ ይሰማኛል። ደህና ነን።